አባዬ ያልተናገረው ስም

አባዬ፣

ከተለየኸን ይህ ሰባተኛው ኅዳር ነው። ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል፤ እኔ ግን ዛሬ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። እማዬ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ላንተ መሆኑን ስነግራት «ደግ፤ እኔም ደህና ነኝ በይልኝ» አለችና ፈትሏን ቀጠለች። እንግዲህ ከእሷው ልጀምር። እማዬ ደህና ናት። የግራ ዓይኗ ፈዟል፤ እንዝርቷን ግን በእጇ ታውቀዋለች።

«አንተ» እያልኩ መጻፌ ለሌላ ሰው ነውር ይመስለው ይሆናል። በእኛ አገር ልጅ አባቱን «አንቱ» ነው የሚለው። እኔም ትንሽ ሳለሁ እንደ ጎረቤት ልጆች «አንቱ» ብዬህ ነበር። ሸማ እየሠራህ ነበር፤ መወርወሪያውን አቁመህ «እግዚአብሔርን አንተ እያልሽ እየጸለይሽ እኔን አንቱ ትይኛለሽ? ከእሱ ልበልጥ ነው?» አልከኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ ነህ።

ያገሩን ወሬ ልንገርህ። ጣሊያን ከወጣ አራት ዓመት አልፎታል። ቡሬ ላይ አንተ የታሰርክበት ግቢ ሽቦው ተነቅሎ አሁን እህል ይከመርበታል። ወጀት ስሟ ተለውጦ ፍኖተ ሰላም ተብላለች፤ ሽማግሌዎቹ ግን ዛሬም «ወጀት ገበያ ወርጄ» ነው የሚሉት። የኛ የጸሎት ማኅበር አንተ ስትሄድ አሥራ አራት ቤት ነበር፤ አሁን አሥራ አንድ ነን። ሁለቱ ወደ ወለጋ ተሻገሩ። አንዱ ወደ ደብሩ ተመለሰ፤ አልተቀየምነውም፤ ሲያገኘንም ሰላም ይለናል። እሑድ እሑድ መጽሐፉን የማነበው እኔ ነኝ። «ሴት ታነባለች ወይ?» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ሌላ የሚያነብ ሲጠፋ ዝም አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ብትሰማው ትስቅ ነበር። አምና አንድ የሚሲዮን ሐኪም ወደ ነቀምቴ ሲያልፍ እኛ ቤት አረፈ። እንዴት እንደምንጸልይ፣ ልጆቻችንን በሰማንያና በአርባ ቀን እንደማናስጠምቅ፣ ያመነ ሰው ራሱ ጠይቆ ወንዝ ውስጥ ገብቶ እንደሚጠመቅ ነገርኩት። «እንዲህ የሚያደርጉትን በሌላ አገር ባፕቲስት ይሏቸዋል» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ስታገለግለን ስም እንዳለን አናውቅም ነበር። ሰዉ የሰጠንን ስም ብቻ ነበር የምናውቀው፤ እሱም ጸረ ማርያም ነው።

የሕይወትህን ነገር የማውቀው ግማሹን ካንተ፣ ግማሹን ከእማዬ፣ ጥቂቱን ደግሞ ከመሪጌታ አስረስ ነው። መሪጌታ አስረስና አንተ የአንድ ጎጥ ልጆች ናችሁ። አብራችሁ ቅኔ ልትማሩ ወጥታችሁ ከአንድ አኩፋዳ በልታችኋል፤ ቁራሽ ስትለምኑ ከመንደር ውሻ አብራችሁ ሸሽታችኋል። እሳቸው ትምህርታቸውን ጨርሰው ደብሩን ለማገልገል ተመለሱ። አንተ ዲያቆን ሳለህ ከነጋዴዎች ጋር ዓባይን ተሻግረህ ወለጋ ገባህ፤ እዚያም ባማርኛ የተጻፈ ወንጌል ከሚያነቡ ሰዎች ቤት ከረምክ። ለአንድ ክረምት ያልከው አምስት ዓመት ሆነ። ስትመለስ መጽሐፍ ቅዱስ በስልቻህ፣ የሽመና ሙያ በእጅህ ይዘህ ነበር። ያገሩን ሰው የትኛው ይበልጥ እንዳስቀየመው እስካሁን አላውቅም፤ የባላገር ልጅ፣ ያውም የቅኔ ተማሪ፣ ሸማኔ መሆኑ ነው ወይስ ትልልቅ ሰዎችን ፈጣም ወንዝ ውስጥ እያጠለቀ ማጥመቁ?

ወዳንተ የመጡት ሌላ የሚጠጋቸው ያልነበራቸው ናቸው። ሸማኔዎች፣ ፋቂዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች። ስድስት ቀን ሸማ ትሠራለህ፤ በሰባተኛው ቤታችን ውስጥ ትሰብካለህ። ስብከትህ አጭር ነበር። «ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ የከረመ ሰው ካስረዘምኩበት ያንቀላፋል፤ ቢያንቀላፋም አልፈርድበት» ትል ነበር። የታመመ ካለ ወጀትም ይሁን ቡሬ በእግርህ ትሄዳለህ። አንዳንዴ እኔን ትወስደኛለህ፤ ፈጣም ስንደርስ በትከሻህ ታሻግረኛለህ፤ እየተሻገርክም ፊደል ትጠይቀኛለህ። ከተሳሳትኩ ወንዙ መሐል ትቆማለህ። ውኃው እያስፈራኝ ነው ከ«ሀ» እስከ «ፐ» የለየሁት።

መሪጌታ ግን አልተውህም። የደብሩ መሪ ናቸው፤ ሰዉ ደግሞ ምን ይላሉ ብሎ አፍ አፋቸውን ያያል። «ለእነዚህ ሰዎች እሳት አትስጡ» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ እሳታችን የጠፋ ቀን እማዬ ፍም ልትለምን ስትሄድ ጎረቤቶቻችን በር ይዘጉባት ነበር። ታናሽ እህቴ በሦስት ወሯ ስትሞት፣ ያልተጠመቀች ናት ተብሎ ከደብሩ ቅጥር እንዳትገባ ተከለከለች። መቃብሯን ብቻህን ከእርሻችን ዳር ስትቆፍር አይቻለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ዶማውን አስቀምጠህ ላብህን ስትጠርግ መሪጌታ በመንገዱ አለፉ። ቆም አሉ፤ አንተም ቀና ብለህ አየሃቸው። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጣሊያን የገባ ጊዜ እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብዬ ነው የተጠመቅሁት። ያን ጊዜም ሦስት ጊዜ መልሰኸኝ ነበር፤ «የኔ ልጅ ስለሆንሽ ከሆነ ውኃው ብርድ ብቻ ነው የሚያተርፍልሽ» ብለኸኝ። ጣሊያኖቹ ቡሬ ላይ ምሽግ ሠሩ፤ መንገድ አወጡ፤ ጠመንጃ ለቀሙ። በሁለተኛው ዓመት ያገሩ ጎበዝ ጫካ ገባ። ከገቡት አንዱ የመሪጌታ አስረስ አንድያ ልጅ ዳምጤ ነበር።

ያን የመስከረም ቀን ታስታውሰዋለህ። ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቶ ሳለ ዳምጤ ጭኑን በጥይት ተመትቶ፣ በዱላ ተደግፎ፣ በጓሯችን ገባ። አባቱ ቤት ያልሄደው ባንዳዎቹ በደብሩ ዙሪያ ያለውን ቤት ሁሉ ስለሚጠብቁ ነው። እንዲህም አለህ፤ «መምህር ይግዛው፣ ከእርስዎ ቤት ማንም አይፈልገኝም።» እውነቱን ነበር። የመሪጌታ ልጅ ጸረ ማርያም ቤት ይደበቃል ብሎ ማን ያስባል? አንተም «ልክ ነህ፤ ለዚህ ነው እግዚአብሔር ሃያ ዓመት እንድንጠላ የተወን» ብለህ ሳቅህ። ቆጥ ላይ አወጣኸው። እማዬ ቁስሉን በጨው ውኃ እያጠበች አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በልቶ ሲጨርስ አማትቦ ነበር የሚጸልየው፤ አንተም አንድ ቀን እንኳ የሃይማኖት ነገር አላነሳህበትም። እኔ ስለዚህ ስጠይቅህ «የቆሰለ ሰው ማምለጫ የለውም፤ ማምለጫ ለሌለው አይሰበክም» አልከኝ።

ዳምጤ ከሄደ በኋላ ጠቋሚ ተናገረ። ቤትህ ውስጥ ሽፍታ መክረሙን እንጂ ማን መሆኑን አላወቀም ነበር። መጥተው ወሰዱህ። ቡሬ ያለው ካፒቴን በአስተርጓሚ ያለህን ኋላ አንተው ነገርከኝ። «ይህ ሕዝብ ሲጠላህ የኖረ ነው። የማን ልጅ እንደነበረ ንገረን። ቆርቆሮ የለበሰ ጸሎት ቤት እንሠራልሃለን፤ ማንም አይነካህም» አለህ። አንተም «ጣራ አለን። ሣር ነው፤ ግን አያፈስም» አልከው። የዳምጤን ስም ቢያገኙ ምን እንደሚያደርጉ እኔም አንተም እናውቅ ነበር። በሌላ ጎጥ አድርገውት አይተናል። የመሪጌታን ቤት ከነሰዉ ያቃጥላሉ፤ ምናልባት ደብሩንም።

በየሦስት ቀኑ ቆሎና ዳቦ ይዤ ቡሬ እወጣ ነበር። የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በእሾህ ሽቦው ተከልለን ቆመን እንነጋገራለን። በአራተኛው ሳምንት ተስቦ እስረኛውን ይፈጀው ጀመር። በአምስተኛው አንተም ያዘህ፤ ሽቦውን ይዘህ ነበር የምትቆመው። ያን ቀን ስመለስ አስተርጓሚው በር ላይ ጠራኝ። ያገራችን ሰው አይደለም፤ ክፉም አልነበረም መሰለኝ። «እህቴ፣ አባትሽ አንድ ስም ብቻ ይስጥ። ዛሬውኑ ይዘሽው ትገቢያለሽ። እሱ እንቢ ካለም፣ አንች የምታውቂ ከሆነ ያው ነው» አለኝ።

ወዳንተ ተመልሼ ነገርኩህ። «አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ» አልኩህ። እንዲህ ብዬ ተናግሬህ አላውቅም ነበር። አልተቆጣኸኝም። «ብትናገሪ ከዚህ እወጣለሁ። ግን ወጥቼ የት እገባለሁ? በየትኛው አፌስ እሰብካለሁ?» አልከኝ። ከዚያ ደግሞ ስለ እማዬ ጠየቅኸኝ፤ ጀምረህ የተውከውን ሸማ ማን እንደሚጨርሰው ጠየቅኸኝ። እኔ ጥዬህ ሄድኩ።

እስካሁን ለማንም ያልነገርኩትን አሁን ልንገርህ። በማግስቱ ተመልሼ መጣሁ። ወዳንተ አይደለም፤ ወደ አስተርጓሚው። ማለዳ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ያገላብጣል። ስሙ አፌ ላይ ነበር። «ምን ፈለግሽ?» አለኝ። ዳምጤ ቁስሉን ስናጥበው እንዳይጮህ የጋቢውን ጫፍ ሲነክስ ታየኝ። ከዚያ እሳት የከለከሉን መሪጌታ ታዩኝ፤ የእህቴም መቃብር። አባዬ፣ ለእነሱ አዝኜ አይደለም የተውኩት። ብናገር አንተ ሳትድን ብትቀር ዝም ያልከው አንተ ብቻ ሆነህ ሞትክ ማለት ነው፤ ብትድን ደግሞ ፊቴን አይተህ ታውቃለህ። «ለአባቴ ውኃ እንዲሰጡልኝ ነው» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ተመለስኩ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ ልመለስ አሰብኩ።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ከእንግዲህ አይተርፍም ብለው ሲለቁህ፣ የማኅበራችን ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡህ። አራት ቀን ነው ቤትህ የቆየኸው። ሸማውን ጨርሼልህ ስለነበር ዳሰስከውና «ጥለቱ ላይ ፈጥነሻል» አልከኝ። እውነትህን ነበር። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ መዝሙረ ዳዊት እንዳነብልህ ለመንከኝ። ገጹን ሳልጨርስ እማዬ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፤ ቀና ብዬ ሳይ አልፈህ ነበር።

የማኅበራችን ሰዎች አብዛኞቹ ተስቦ ይዟቸው ተኝተው ነበር። የመጡት ሦስት ናቸው፤ እነሱም አቅም የላቸውም። ከእህቴ መቃብር አጠገብ መቆፈር ጀመሩ። ያን ጊዜ መሪጌታ አስረስ በመንገዱ መጡ። ዶማ በትከሻቸው ነበር። ጥምጥማቸውን ፈተው ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ያገሩ ሰው ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል። አንዱ ሽማግሌ «መሪጌታ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አላቸው። እሳቸውም ቀና ሳይሉ «ፍትሐት አልፈታለትም፤ ሥርዓቴ አይፈቅድም፤ እሱም አይወድልኝም። አፈር ግን የሁላችንም ነው» አሉ። መቆፈራቸውን ቀጠሉ። ጥቂት ቆይቶ ያው ሽማግሌ ነጠላውን አደግድጎ ወረደ። ከዚያ ሌሎች መጡ። ወደ መቃብሩ የተሸከሙህ ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ በራቸውን የዘጉብን ናቸው።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ መሪጌታ ወደኔ መጡ። እጃቸው ጭቃ ነበር። «ልጄ በማን ቤት እንደዳነ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ። እሱው ልኮ አሳውቆኛል» አሉኝ። ቀጥለውም «አባትሽ ዝም ያለው ለልጄ ብሎ ነው። እኔ ሰባት ሳምንት ዝም ያልኩት ለራሴ ብዬ ነው። ቡሬ ሄጄ እጄን ብሰጥ ይለቁት ይሆን ነበር። አላደረግሁትም። ይህን አንች እወቂው» ብለውኝ ጥምጥማቸውን አንስተው ሄዱ። እኔም ከአስተርጓሚው በር መቆሜን ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ግን አልነገርኳቸውም።

ቀጥሎ የሆነው ለመጻፍ ያስቸግረኛል። ዳምጤ በሐምሌ፣ ከፈጣም ወዲያ በተደረገ ውጊያ ሞተ። አንተ ከሞትክ ስምንት ወር ቢሆን ነው። ሬሳውን እንኳ አላገኙትም። ያን ጊዜ ባንተ ላይ ተናደድኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ተናድጄ ኖርኩ። ለስምንት ወር ብሎ ነው ወይ የሞተው እያልኩ፣ እሑድ እያነበብኩ እንኳ አፌ ያነብባል እንጂ ልቤ ከሽቦው አጠገብ ነበር። እማዬ አወቀችብኝ። «አባትሽ ስንት ወር እንደሚኖር ጠይቆ አላስጠጋውም» አለችኝ። እውነት ነው፤ ግን ቁጣዬ በዚያ አልቆመም። የሚቆም ሲመስለኝ ይመለሳል። አሁንም አንዳንዴ ይመጣል፤ እንዳታዝን።

በእነዚያ ስምንት ወራት ውስጥ ዳምጤ አንድ ጊዜ ሚስቱን ሊያይ ገብቶ ነበር፤ በጥር። እሱ ከሞተ በኋላ ሴት ልጅ ተወለደችለት። ትርንጎ ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንደ አባቷ ግንባሯ ሰፊ ነው፤ ወሬ ትወዳለች።

ባለፈው ግንቦት መሪጌታ እጇን ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። አርጅተዋል፤ በዘንግ ነው የሚሄዱት። ደጃፋችንን ተሻግረው ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። እማዬ መደብ ላይ አጎዛ አነጠፈችላቸው። ጥቂት ስለ ዝናቡ፣ ጥቂት ስለ በሬያቸው ተናገሩ። ከዚያ «ፊደል አስቆጥሪልኝ» አሉኝ። እኔም «መሪጌታ፣ እርስዎ እያሉ እኔ?» አልኳቸው። «ከእኛ ጉባኤ ለሴት ልጅ ቦታ የለም። እኔም ዓይኔ ደክሟል። አንችን ይግዛው ሲያስተምርሽ ወንዝ መሐል ቆሞ አይቼ፣ ሰው ልጁን እንዲህ ይወዳል ብዬ ቀንቼበት ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ፊደሉን አስተምሪያት፤ ሃይማኖቷን ግን ለእኔ ተይልኝ» አሉ። እሺ አልኳቸው። አንተም እሺ ትላቸው ነበር ብዬ ነው።

ሰዉ ያንሾካሹካል። መሪጌታ የልጅ ልጃቸውን ለጸረ ማርያም ሰጡ ይላል። እሳቸው አልሰሙም፣ ወይ እንዳልሰሙ ሆነዋል። ትርንጎ ፊደሉን በሁለት ወር ጨረሰች። አሁን ንባብ ላይ ናት። ከፊደላቱ «ጰ»ን ትጠላለች፤ ጠማማ ናት ትላለች። እማዬ ስትሰማት ትስቃለች፤ እማዬ ከሳቀች ደግሞ ቆይታ ነበር።

ባለፈው ሳምንት መሪጌታ ሊወስዷት ሲመጡ ልጅቱ ውጭ ስትጫወት እንዲህ አሉኝ፤ «ይህች ልጅ አባቷ የት እንደተደበቀ፣ በማን ሞት እንደተወለደች አታውቅም። እኔ ልነግራት ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተውኩት። ከፍ ስትል አንች ንገሪያት። የኔንም ዝምታ አትደብቂላት።» እነግራታለሁ አልኳቸው።

ስለዚህ አባዬ፣ የጻፍኩልህ ይህንን እንድታውቅ ነው። እነግራታለሁ። አያቷ ሰባት ሳምንት ዝም ማለታቸውን፣ ኋላም ዶማ ይዘው መምጣታቸውን እነግራታለሁ። እኔ አስተርጓሚው በር ላይ ቆሜ ስሙ አፌ ላይ እንደነበረም አልደብቃትም። አንተን ከእኔ የተሻለ ሰው አድርጌ ብቻ ብነግራት ታሪኩ ተረት ይመስላታል። አንተ የዋልክበትን ሥራ፣ ሳቅህን፣ የተናገርከውንና ሳትናገር የሞትክበትን ሁሉ፣ እሷ በቃኝ እስክትል ድረስ ደጋግሜ እነግራታለሁ። ባታምነኝ ደግሞ ከእርሻችን ዳር ወስጄ አያቷ የቆፈሩትን መቃብርህን አሳያታለሁ።

ልጅህ የሺ